ከበረዶው መንገድ ላይ የተወሰዱት ጥዶች

ያንን ገጽ ሄልቪ ስድስት ዓመት ሙሉ ስትዘለው ኖራለች።

በሃፓላምፒ ቤተ መጻሕፍት ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት ለትምህርት ቤት ልጆች ጮክ ብለው የሚያነቡ ሦስት አሮጊቶች አሉ፤ የከተማው ሰው «የንባብ አያቶች» ይላቸዋል። ደንቡ ቀላል ነው፤ መጀመሪያ አንድ ተረት፣ ቀጥሎ ከከተማው የታሪክ መጽሐፍ አንድ ገጽ። ሄልቪ የእንጨት ፋብሪካውን ቃጠሎ አንብባለች፣ የመጀመሪያዋን አዋላጅ ታሪክ አንብባለች፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ከጀልባ ላይ ተንሸራቶ ሐይቅ የገባበትን ደግሞ ሦስቴ አንብባለች። አርባ አንደኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ግን ጣቷ ሁለት ቅጠል አንድ ላይ ይገልጣል። ማንም ነቅቶባት አያውቅም።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ማሪታ ደወለች።

«እትዬ ሄልቪ፣ ለሐሙስ የሆይካን መንገድ መርጫለሁ። ልጆቹ በሚቀጥለው ሳምንት የሐይቁ በረዶ ላይ ሊወጡ ነው፤ ከጊዜው ጋር ይሄዳል።»

«ጉሮሮዬን ይዞኛል» አለች ሄልቪ።

«እስከ ሐሙስ ይለቅዎታል፤ ትኩስ ነገር ይጠጡበት። ደግሞ የኑፑ ክፍል ነው የሚመጣው፤ የገዛ ልጅዎ ልጅ እያለች ይቀራሉ?»

«ራውኒ ብታነበውስ?»

«ራውኒ ከደቡብ የመጣች ናት፣ ስለ በረዶ መንገድ ምን ታውቃለች? ያንን ዘመን በዓይኑ ያየ ከእርስዎ በቀር ማን ቀረ?»

ሄልቪ ስልኩን ዘጋችና እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። በዓይኗ ያየች። እንዴታ፣ አይታለች።

ገጹን በቃሏ ታውቀዋለች። በ1958 ድልድዩ ገና አልተሠራም፤ ሰዉ ወተቱን ማዶ ወዳለው ፋብሪካ የሚያሻግረው በሐይቁ በረዶ ላይ ነበር። የበረዶ መንገዱን የሚያበጀው ታኔሊ ሆይካ የሚባል ሰው ነው። በየሃምሳ እርምጃው በረዶውን በስቶ፣ ከወገብ የማይበልጥ ጥድ ተክሎ፣ እንዲጨብጠው ውሃ ያፈስበታል፤ ጭጋግ ቢሆን፣ በረዶ ቢወርድ፣ ሰው ጥድ ጥዱን አይቶ ይሻገራል። ወንዙ ወደ ሐይቁ በሚገባበት ጋ በረዶው ስስ ስለሆነ መንገዱ እዚያ ይታጠፋል። መጽሐፉ እንደሚለው ሆይካ ሰንፎ መታጠፊያውን ሳያበጅ ቀረ። ወተት አመላላሹ ኩስቲ በጭጋግ ቀጥ ብሎ ነዳ፤ ፈረሱ ሰመጠ፤ ኩስቲን ጎትተው ቢያወጡትም የግራ እግሩን አራት ጣቶች ብርድ በላቸው። ሆይካ በጸደይ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ወደ ስዊድን ተሰደደ። ከዚያ ወዲህ በሃፓላምፒ የተንጋደደ አጥር፣ ሳይቋጭ የቀረ ሹራብ፣ ግማሽ የተቀባ ጀልባ ሁሉ «የሆይካ መንገድ» ይባላል። ሰው እየሳቀ ነው የሚለው። ሄልቪም ስትል ኖራለች፤ ዝም ብትል ለምን አላለችም እንዳይሏት።

መጽሐፉ የማያውቀውን እሷ ታውቃለች። ያን ጊዜ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። በየዓመቱ በበረዶው ወራት ቄሱ አንድ ቤት ይመርጡና መንደሩን ሰብስበው፣ ልጅ ሽማግሌ ሳይሉ፣ እያስነሡ መጽሐፍ ያስነብቡ ነበር። በዚያ ዓመት ተራው የነሄልቪ ቤት ሆነ። እናቷ ሳምንቱን ወለል ስትፈገፍግ ሰነበተች። በቀኑ ጠዋት፣ «ሂጂና ለደጃፉ ጥድ ቁረጪ» አለቻት። እንግዳ ጫማውን የሚጠርግበት አረንጓዴ ጥድ ያልተነጠፈበት ደጃፍ የሰነፍ ሴት ደጃፍ ነበር።

ጫካው ውስጥ በረዶው እስከ ብብቷ ይደርሳል። ሐይቁ ደግሞ ከቤታቸው ሥር ነው፤ እዚያ ጥዶቹ ተቆርጠው፣ ተመርጠው፣ ተሰልፈው ቆመዋል። ምልክት መሆናቸውን አላውቅም ነበር ልትል አትችልም። ግን ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ የመንገዱ ዱካ ከሩቅ ይታያል፤ ለአንድ ቀን ቢጎድል ምን ይመጣል? ቅርቧ ከነበረው ከመታጠፊያው በትንሿ መጥረቢያ አምስት ቆርጣ ጎትታ አመጣች።

«ጎበዝ የኔ ልጅ! እንዴት ያለ ቀጥ ያለ ጥድ ነው!» አለች እናቷ።

ከቀትር በኋላ ጭጋጉ ወረደ። ታኔሊ ሆይካም ከሰዉ ጋር መጥቶ፣ በእነዚያው ጥዶች ቦቲውን ጠርጎ፣ ገብቶ ተቀመጠ። ሄልቪ ቆማ ስታነብ በሩ ተበርግዶ አንድ ሰው «ፈረስ ሰመጠ!» ብሎ ጮኸ። ሰዉ ግር ብሎ ሲወጣ ሆይካ ደጃፉ ላይ ቆም አለ። ወደ ታች አየ። ቀና ሲል ያየው እሷን ይሁን እናቷን ሄልቪ እስከ ዛሬ አልለየችውም። ወደ ሐይቁ ሮጠ።

ቤቱ ባዶ ሲቀር እናቷ ጥዶቹን ከደጃፉ ለቃቅማ የሳውናው፣ የእንፋሎት መታጠቢያ ቤቱ፣ ምድጃ ውስጥ ማገደቻቸው። «አፍሽን ያዢ» አለቻት። እስክትሞት ድረስ ስለዚያ ነገር ሌላ ቃል አልወጣትም።

ኑፑ ከትምህርት ቤት ስትገባ ሄልቪ አሁንም እዚያው ወንበር ላይ ነበረች። ብድግ ብላ የልጅቷን አንገት ዳበሰች።

«አልቦሻል። ካልሲሽስ?»

«አልረጠበም።»

«ረጥቧል እኮ! በረዶው ላይ ወጣችሁ እንዴ? በሚቀጥለው ሳምንት ነው ያሉት አይደል—»

«እማማ፣ ሜዳው ላይ ነው የተጫወትነው። ደግሞ በረዶው አርባ ሴንቲ ሆኗል፣ መምህራችን ሰርስሮ ለክቶታል።»

«መለኪያው ልክ ባይሆንስ?»

ኑፑ ዓይኗን አንከባለለችና ዳቦዋ ላይ ቅቤ መቀባት ጀመረች። «አዲሷ ልጅ አለች አይደል፣ ከስዊድን የመጣችው? ሳይሚ ሆይካ ነው ስሟ። ዛሬ በሸርተቴ ስትወድቅ ኦትሶ ‹እዩት፣ የሆይካ መንገድ!› አላት። ሁሉም ሳቀ።»

«አንቺስ?»

«ትንሽ።»

«ትንሽ ማለት?»

«ትንሽ ነዋ! ሁሉም ሲስቅ ዝም ልበል?»

ሄልቪ ልትቆጣ ቃጣት። በምን አፏ ትቆጣ? ዳቦውን የምትገምጠውን ልጅ አየቻት። ኑፑ ከሰው የማትገጥም ልጅ ነበረች፤ ሁለት ዓመት ምሳዋን ለብቻዋ ስትበላ ኖራ ገና ባለፈው መከር ነው ከልጆች ጋር የምትበላበት ጠረጴዛ የተገኘላት። አሁን ሄልቪ ተነሥታ «እኔ ነበርኩ» ብትል ስድቡ ወዴት ይዞራል? ልጆች የያዙት ስም እንደ ሬንጅ ነው፣ አይለቅም። ስልሳ ስድስት ዓመት የሆይካን ልጆች የተከተለ ነገር ነገ ኑፑን ሊከተላት ነው። ዝም ብትል ግን ያችኛዋ ልጅ አለች። ያችኛዋም የሰው ልጅ ልጅ ናት።

ረቡዕ ሙሉ ቀን ጉሮሮዋን አዳመጠች፤ ደህና ነበር፣ ከምንጊዜውም ይልቅ ደህና።

ሐሙስ ጠዋት ሃያ ሁለት ልጆች ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። ኑፑ ከኦትሶ አጠገብ ሆነች። ሳይሚ ጥግ ላይ፣ ጉልበቷን አቅፋ። ሄልቪ ተረቱን፣ ዓሣ መብላት እንጂ ማጥመድ የማይወደውን ድመት፣ እንደ ልማዷ ድምፅ እየለዋወጠች አነበበች። ከዚያ ትልቁን መጽሐፍ አነሣች። ጣቷ ሁለቱን ቅጠሎች አንድ ላይ ያዘ። ማሪታ መደርደሪያውን ተደግፋ ታያታለች። ሄልቪ ጣቷን ለቀቀች፤ አነበበች።

ሁሉንም አነበበችው፤ «ሰንፎ» የሚለውን ጭምር። በሕይወቷ እንዲያ አቀርቅራ አንብባ አታውቅም። ስትጨርስ ኦትሶ ወደ ጥጉ ዞረ።

«ሳይሚ፣ ለአንቺ ነው የተጻፈው!»

«ቅድመ አያቴ ተክሏቸው ነበር» አለች ሳይሚ፤ ድምፅዋ እምብዛም አይሰማም።

«እና ጥዶቹ በእግራቸው ሄዱ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ኑፑም ሳቀች፤ ስቃ ደግሞ ቀና ብላ አያቷን አየቻት። አያቷም ትስቅ እንደሆነ ለማየት ነበር። ሄልቪ ከንፈሯ እየተላቀቀ ወደ ፈገግታ ሲሄድ ተሰማት። ስልሳ ዓመት የለመደው ነዋ። ያንን ፈገግታ ልጅቷ አየችው፤ ሳይሚም አየችው።

«በሉ በሉ፣ ድሮ የሆነ ነገር ነው፤ ማንም ሳይሚን አይወቅስም» አለ መምህሩ። «ልብሳችሁን ልበሱ፣ የአተር ሾርባው ይቀዘቅዛል።»

ልጆቹ ወደ መተላለፊያው ጎረፉ። ሄልቪ መጽሐፉን ጭኗ ላይ እንደዘረጋች ቀረች። ወንበሩ ያቃጠላት መሰላት። ተነሥታ ተከተለቻቸው፤ ምን እንደምትል እንኳ አላሰበችም። መተላለፊያው ውስጥ ልጆቹ ወለል ላይ ተቀምጠው ወፍራም ሱሪያቸውን ይጎትታሉ፣ ዚፕ ይንጫጫል፣ አንዱ ጓንት ጠፋኝ ይላል።

«ጥዶቹን እኔ ነኝ የወሰድኳቸው» አለች።

ማንም አልሰማትም። ይህ ሁሉ ዘመን አፍና ይዛው፣ አሁን ደግሞ ልትደግመው ነው።

«ልጆች! ጥዶቹን እኔ ነኝ የወሰድኳቸው። ሆይካ ተክሏቸው ነበር። መታጠፊያው ላይ።»

«የምን ጥድ?» አለ ኦትሶ፣ አንድ እግሩ ቦቲ ውስጥ።

«አሁን ያነበብኩት ውሸት ነው። ሰውዬው ሰነፍ አልነበረም። ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ጫካ መግባት ሰነፍኩና ምልክቶቹን ቆርጬ ለደጃፋችን ወሰድኩ። ሰነፏ እኔ ነኝ።»

መምህሩ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ቀረ። ሳይሚ ከወለሉ ተነሣች፤ ዚፗ እስከ ደረቷ ብቻ ተዘግቷል።

«ስንት ወሰዱ?»

«አምስት።»

«ስድስት» አለች ሳይሚ። «አያቴ ፓፓ ስድስት ነው ይላል። ቅድመ አያቴ ጉቶውን ቆጥሮታል።»

ሄልቪ አስታወሰች፤ ስድስት ነበሩ። አንዱ ጠማማ ነበር፤ ለቄሱ አይሆንም ብላ ዳር ላይ ጥላው ሄዳለች። ይህንን ለራሷም ነግራ አታውቅም። የሆይካ ልጆች ደግሞ በሰው አገር ስድስቱን ቆጥረው፣ ለልጅ ልጅ ሲያወርሱ ኖረዋል። ያውቁ ነበር። ሁሌም ያውቁ ነበር።

«ስድስት» አለች። «ልክ ነሽ። ስድስት ነው።»

«ለፓፓ ልንገረው?»

«ንገሪው።»

«ማን ብዬ?»

«የቱኦሚዎቹ ሄልቪ በይው። ያውቀዋል።» ይቅርታ ማለት ነበረባት፤ አለችም፤ ግን ልጅቷ ኮፍያዋን እስከ ቅንድቧ እየጎተተች ነበርና ይሰማት አይሰማት አልታወቀም።

ከዚያ ነው ኑፑን የፈለገቻት። ኑፑ ጆሮዋ በርበሬ መስሎ፣ ፊቷን ወደ ልብስ መስቀያው አዙራ ቆማለች።

«ኑፑ፣ የአንቺ አያት ናት እኮ!» አለ ኦትሶ።

«አውቃለሁ!» ብላ ጮኸችበትና ሳትቆልፍ፣ ሻርፗን እየጎተተች፣ ከሁሉም ቀድማ ወጣች። ሄልቪ «አንገትሽን ሸፍኚ» ልትል ነበር።

ማሪታ ከኋላዋ መጣች። ክርኗን ልትይዛት እጇን ዘርግታ መልሳ ሰበሰበችው። «መጽሐፉ ታትሟል እንግዲህ፣ እትዬ ሄልቪ» አለች።

«ወረቀት ለጥፊበት። እኔ እጽፍልሻለሁ። ስሜንም ጭምር።»

እቤቷ ገብታ ወረቀትና እስክርቢቶ አወጣች። «እኔ» ብላ ጻፈች፤ ሰረዘች፤ «ሄልቪ ቱኦሚ» ብላ ጀመረች። እናቷን ላታስገባ ፈልጋ ነበር፤ የሞተ ሰው ምን በወጣው ብላ። ምድጃው ጋ ስትደርስ ግን ያለ እናቷ ነገሩ አልቆም አላት። ጻፈችው። ከዚያ መስኮቱ ጋ ሄደች። ኑፑ ዘወትር በዘጠኝ ሰዓት ትገባለች፤ ዘጠኝ ከሩብ ሆነ፤ ዘጠኝ ተኩል ሆነ። የሐይቁን መንገድ አየች፣ የትልቁን መንገድ አየች፣ ካፖርቷን ለብሳ አወለቀች። ሄዳ ብትቀበላት ልጆቹ ያዩዋታል።

ለአሥር ሃያ ጉዳይ ላይ በሩ ተከፈተ። ኑፑ ቦርሳዋን ወለል ላይ ጣለች።

«ምን አሉሽ?»

«ጥድ ሌባ።»

«አለቀስሽ?»

«አላለቀስኩም።» ዓይኗ ሥር ግን ቀልቷል። ካልሲዋን አውልቃ፣ ሳትጠየቅ፣ ማሞቂያው ላይ ሰቀለች። «ለምን ቤት ለእኔ ብቻ ቀድመሽ አልነገርሽኝም? እንደ ቂል ስስቅ!»

ሄልቪ ፈርቼልሽ ነው ልትል ነበር፤ እውነትም ፈርታላታለች፤ ግን ለራሷም ነበር የፈራችው፣ የበለጠውን ለራሷ።

«አፍሬ» አለች።

ኑፑ ጀርባዋን ሰጠቻት።

«በሚቀጥለው ሐሙስ እንዳትመጪ።»

«እሺ።»

«የምሬን ነው።»

«እሺ አልኩሽ እኮ የኔ ልጅ። ለማሪታ እነግራታለሁ፤ ራውኒ ታነባለች። እኔ ከእንግዲህ—»

«የሚቀጥለውን ብቻ ነው ያልኩት» አለች ኑፑ በንዴት፣ ፊቷን ሳታዞር።