ማንም ያልቆመበት መታጠፊያ

«ሁለት ሰዓት ሙሉ!» አለች የሟቹ እናት፣ አሁን ለገባችው ጎረቤት ወንበር እየጠቆመች። «በዚያ ዝናብ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ መታጠፊያው ላይ ቆሞ ጠበቀው። የእናት ልጅስ ቢሆን ከዚህ በላይ ምን ያደርጋል?»

ጎረቤትየው ወደ ሟቹ ጓደኛ፣ ወደ ሰዓት ሠሪው ዞራ ከንፈሯን መጠጠች። «ተባረክ፣ ልጄ።»

ሰዓት ሠሪው አቀረቀረ። ጠበቅኩ ያለው በመጀመሪያው ቀን ሩብ ሰዓት ነበር። በማግስቱ ግማሽ ሰዓት ሆነ። ዛሬ፣ በለቅሶው ሦስተኛ ቀን፣ ሁለት ሰዓት ደርሷል፤ በዚህ ከቀጠለ ነገ በረዶ ይጨመርበታል። የሰው ሰዓት ሲያስተካክል የሚውል ሰው ለራሱ ውሸት ማቆሚያ አጣለት። ውሸቷ የራሱ ናት፣ ማንም አላበደረውም። ሬሳው የመጣ ዕለት እናትየው ኮሌታውን ጨምድዳ «ማን ነበር ከፊቱ? ልጄን ማን ነበር የሚጠብቀው?» ስትለው፣ «እኔ ነኝ፣ እማ። ጠብቄዋለሁ፤ እጄን ባወዛውዝለትም ሳያየኝ አለፈ» አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ይኸው ውሸቷ እስከ ዛሬ አልተመለሰችም።

ሟቹ አናጢ ነበር። ጓደኞቹ ኤሊ ይሉታል፤ ስሙን ያወጣለትም ይኸው ሰዓት ሠሪ ነው። ሞተር ሳይክሉስ ፈጣን ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ ነጂው የወደቀ ግንድ ባየ ቁጥር ይወርዳል። ያንኳኳዋል፣ ያሸተዋል። የማያውቀው ሰው በር ካማረው ባለቤቱን ጠርቶ «ማነው የሠራልህ?» ይላል። ከዚያ ጓደኞቹ የማደሪያ ድንኳናቸውን ተክለው ከጨረሱ በኋላ ይደርስና ሄልሜቱን እንኳ ሳያወልቅ፣ «ያንን በር አላያችሁትም? እናንተ እኮ ዓይን የላችሁም!» ብሎ ይቆጣል።

በየዓመቱ ሦስቱ፣ ማለትም ኤሊ፣ ሰዓት ሠሪውና ዳቦ ጋጋሪው፣ ድንኳናቸውን ሞተራቸው ላይ ጠፍረው አምስት ስድስት ቀን ይጓዛሉ። ዳቦ ጋጋሪው ይመራል፣ ሰዓት ሠሪው ይከተላል፣ ኤሊ ከኋላ። ሕጋቸው አንዲት ናት፦ የታጠፈ ሰው መታጠፊያው ላይ ቆሞ ከኋላው ያለውን ይጠብቃል። ሲያየው በእጁ አሳይቶት ይሄዳል። ማንም ካልቆመ መንገዱ ቀጥታ ነው።

ሕጉን ያወጣው ኤሊ ነው፤ ያከበረውም እሱ። አንድ ዓመት፣ ቦታ ተቀያይረው ኤሊ መሃል በሆነበት ቀን፣ የሰዓት ሠሪው ጎማ ፈንድቶ ግማሽ ቀን ወደ ኋላ ቀረ። ሞተሩን እየገፋ፣ ላቡ ጠብ እያለ መንታው መንገድ ላይ ሲደርስ፣ ኤሊ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እንጨት ይጠርባል። ከእንጨቱ ማንኪያ ወጥቶታል። «ምነው ቸኮልክ?» አለው። «ሹካም ልጨምር ነበር እኮ።»

ማንኪያው አሁንም ሰዓት ሠሪው ቤት አለ። ከሦስት ቀን ወዲህ የተቀመጠበትን መሳቢያ አልከፈተም።

ለቅሶው ላይ ዳቦ ጋጋሪው በዓይኑ ጠቀሰውና ጓሮ ወጡ።

«ስማ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ያን ዕለት ድንኳኔን ፈትቼ ሳልጨርስ ነው የደረስክብኝ። እኔ ከደረስኩ አሥር ደቂቃ አይሞላም። የምን ሁለት ሰዓት ነው?»

«ዝም በል።»

«ዝም ብያለሁ እኮ! ዝም ብዬ ሊጥ ውስጥ ጨው ሁለቴ ጨምሬ ሰው ሁሉ ሰደበኝ። አንተ እንዴት ነው እንጀራ የሚወርድልህ?»

አልወረደለትም። ምን ብሎ ይንገረው? በዚያ ጉዞ ሁለት ሌሊት ዳቦ ጋጋሪው ቀድሞ እየደረሰ ደልዳላውን ቦታ ይዞበት፣ እሱ ድንጋይ ላይ ሲገላበጥ አድሯል። በሦስተኛው ቀን መታጠፊያው ላይ ቆሞ ወደ ኋላ አየ። ሰማዩ ጠቁሯል፤ የኤሊ ድምፅ የለም። «ይሄኔ የአንዱን አጥር እያደነቀ ነው» አለና ንድድ አለው። ጥሎት ሄደ። ደልዳላ መሬት አገኘ፤ ደስ አለው። የሚያንገበግበው ይኼ ነው፣ ደስ ማለቱ። ጓደኛው ሲሞት እሱ ሻይ እያፈላ ነበር።

ኤሊ መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ሰው አላየም። ማንም ካልቆመ መንገዱ ቀጥታ ነው። ቀጥታ ሄደ። ከቁልቁለቱ ሥር የነበረውን ድልድይ ጎርፍ ወስዶታል።

ከሰዓት በኋላ እንግዳው ሳሳ ሲል እናትየው ሰዓት ሠሪውን አጠገቧ አስቀመጠችው። ሻይ ቀዳችለትና ጉልበቷን እያሸች ቆየች።

«የወጣ ዕለት ተጣልተን ነበር» አለች። «የወጥ ቤቴ መደርደሪያ ከወደቀ ዓመቱ። የሰው በር ሲያደንቅ ይውላል፣ የእናቱን መደርደሪያ ግን ነገ ነገ ይላል። ተናደድኩና ‹ሂድ፣ እዚያው ቅር!› አልኩት።»

«እማ፣ የእናት ቁጣ ነው...»

«ቆይ፣ አስጨርሰኝ። አንተ እዚያ ቆመሃል። እጅህን እያወዛወዝክ ነው። እሱ አጠገብህ አልፎ ሄደ። እንዴት ነው ሰው ጓደኛውን የማያየው?» እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። «ልቡ አብሮት አልነበረም። የኔ ቃል ነው ያሳወረው። ልጄን እኔ ነኝ የገደልኩት።»

ሰዓት ሠሪው ብርጭቆውን ከከንፈሩ መለሰ። እሱ ለራሱ መደበቂያ የቆለላት ውሸት ሦስት ቀን ሙሉ እሷን ስትፈጫት ኖራለች።

«አልቆምኩም፣ እማ።»

«ምን?»

«አልጠበቅኩትም። ደልዳላ ቦታ እንዳላጣ ብዬ ጥዬው ሄድኩ። ልጅሽ ዓይኑ ደህና ነበር፣ ልቡም። ሰው ካልቆመ ቀጥታ ነው ሕጋችን፤ እሱ ሕጉን አከበረ። እኔ ነኝ።»

እናትየው ብርጭቆውን ከእጁ ወሰደች።

«ተነሥ። ከቤቴ ውጣ።»

እውነት የተናገረ ይቀለዋል የሚሉት ተረት ነው። በወንበሮቹ መካከል ሲያልፍ፣ «ተባረክ» ያለችው ጎረቤት እግሯን ሰብሰብ አድርጋ ስታሳልፈው፣ ምንም አልቀለለውም።

በለቅሶው የመጨረሻ ቀን ቤተ ዘመዱ ወደ መቃብሩ ሄደ። ሰዓት ሠሪው ሰላምታ ሳይሰጥ ከሰዉ ጫፍ ተከተለ። መንገዱ ወፍጮ ቤቱ ጋ ወደ ግራ ይታጠፋል፤ ቀጥታው ገበያ ይወስዳል። ሰዉ ተጠቅልሎ ታጠፈ። ካፊያ ስለጀመረ ሁሉም ቸኩሏል። እሱም ታጠፈና እንደ ልማዱ ዞር ብሎ አየ። እናትየው የለችም። ጉልበቷ አስቸግሯት፣ «አትደግፉኝ፣ ብቻዬን እመጣለሁ» ብላ ቀርታለች።

ተመልሶ ወፍጮ ቤቱ ጥግ ላይ ቆመ። ካፊያው ወደ ዝናብ ተለወጠ፤ እሱ አልተነቃነቀም። ምን ያህል እንደቆመ አላወቀም፤ ሰዓቱን አላየም።

በመጨረሻ መጣች፣ ግድግዳውን እየተደገፈች። እጁን ዘርግቶ መታጠፊያውን አሳያት። ቀና ብላም አላየችው። አጠገቡ አልፋ ታጠፈች። ልከተል ማለት አልደፈረም፤ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ቀረ።

አሥር እርምጃ ያህል ሄዳ ቆመች። ጉልበቷ መስሎት ሊሮጥ ቃጣው። ግን ጉልበቷን አልያዘችም፣ ግድግዳውንም አልተደገፈችም። ጀርባዋን እንደሰጠችው፣ ዝናቡ ሻሿን እያራሰው፣ ዝም ብላ ቆማለች።

ያኔ ገባው። እግሩን አነሣ። እናትየው ኮቴውን ከኋላዋ ስትሰማ መንገዷን ቀጠለች።