ናስር ያስቀራት አይጥ

ሃጂራ የጆሮዋን ወርቅ አውልቃ ፍራሹ ላይ አስቀመጠችው።

"ለአንጥረኛው ስጥልኝ። እንደ ሽሮ አልሞ ይፍጭልኝ።"

ናስር የያዘውን የፍራሽ መስፊያ መርፌ አስቀመጠ። ጎንደር ገበያ ውስጥ እሱን የማያውቅ የለም፤ ማክሰኝት ላይ የፍራሽ ጥጥ የበላች ፍየል ትራስ ወለደች ብሎ ስንቱን አዋቂ ያስከራከረ ነው። ዛሬ ግን የቀልድ ቀን አይደለም። ታላቅ እህቱ ሃጂራ ጡቷ ላይ ካንሰር ተገኝቶባታል። ከስንት ምልልስ በኋላ አልጋ ተገኝቶ፣ ከሰዓት ሆስፒታል ገብታ ነገ ቀዶ ሕክምና ይደረግላታል። ሐኪሙም "ከቆየ ይሰራጫል" ብሏል።

"ሆስፒታሉ ይቅር" አለች። "አንተ ያወራኸውን የወርቅ መድኃኒት እጠብቃለሁ።"

ያወራውስ እውነት ነበር። ብሌን የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ፍራሽ ልትገዛ መጥታ ከስልኳ አንብባለታለች፦ በዓይን የማይታይ የወርቅ ብናኝ በደም ሥር ገብቶ እብጠቱ ውስጥ ይከማቻል፤ ከውጭ ብርሃን ሲያበሩበት ይግልና ደህናውን ሥጋ ትቶ ካንሰሩን ይጠብሰዋል። የተሞከረው ግን በአይጥ ነው። ናስር ለቤተሰቡ ሲያወራ አይጧን አስቀራት፤ አይጥ የገባበትን ወሬ ማን ይሰማል?

"እቴ፣ በሰው ገና ነው። የተሞከረው በአይጥ ነው።"

"አይጧ ደግሞ ዛሬ ከየት መጣች?"

"ድሮም ነበረች። እኔ ነኝ የተውኳት።"

"ከቢላዋ እንዳልሸሽ ፈጠርካት እንጂ። ምነው፣ እኔን እንደ ሕፃን ታባብለኛለህ?"

"አልፈጠርኩም።"

"የፍየሏን ጊዜ ሳቅሁብህ። ይኸኛውን ግን አመንኩህ፤ ከሰማሁት ወዲህ እንቅልፍ ይወስደኛል።"

ናስር እህቱን አያት። ፊቷ እውነትም ሸጋ ሆኗል። እውነቱን ደግሞ ደጋግሞ ቢነግራት ወርቁን ታምናለች፣ አይጧን አታምንም።

ወርቁን አንስቶ መዳፏ ላይ መለሰላት።

"ሁሉም ውሸት ነው። ተማሪም አልመጣችም፤ እኔው ነኝ የቀጠፍኩት።"

ሃጂራ ወርቁን ጨብጣ ዓይኑን አየችው። ወንድሟ እንደ ልቡ ይቀጥፋል፤ በአላህ ስም ግን በቀልድ ምሎ አያውቅም።

"ወላሂ በል።"

"ተይ እንጂ እቴ..."

"በላ።"

ደጅ ላይ ባጃጅ ጥሩምባውን ይነፋል።

"ወላሂ" አለ።

አልሰደበችውም፤ ብትሰድበው በወደደ። ነጠላዋን አጣፋችና "በል አድርሰኝ" አለች።

ናስር ሱቁን ቆልፎ ቦርሳዋን ተሸከመ፤ ዓይኑን እንዳታየው ቀድሟት ወደ ባጃጁ ሄደ።