የቲዬር አዋሳኞች

በፈረንጆቹ 1994 ካናዳ የምትኖረው ተሻለች ወደ ኮሌጅ ለመግባት አንድ ክሬዲት፣ ማለትም የአንድ ትምህርት ውጤት፣ ብቻ ቀርቷት ነበር፤ እርሱም የጂኦግራፊ። በጎልማሶች ትምህርት ቤት ዕጣ ሲወጣ ቲዬር የምትባል፣ በቢላዋ ሥራ የታወቀች ትንሽ የፈረንሳይ ከተማ ደረሰቻት። ስለ ከተማዋ ወረቀት ሳታይ በእንግሊዝኛ ተናግራ ጥያቄ ከመለሰች ታልፋለች።

ክሬሰንት ታውን በሚባለው ሰፈር ጎረቤቷ የሆኑት ጋሼ ተክለ ማርያም አዲስ አበባ ሃያ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማሩ ሰው ናቸውና፣ ጉዳዩን የራሳቸው አደረጉት።

«ከተማ በአዋሳኝ ይጀመራል» አሏት። «ቀጥሎ ወንዝ፣ ቀጥሎ ምርት፣ በመጨረሻ ታሪክ።»

«ጋሼ፣ እዚህ አገር እንዲህ አይጠይቁም ይባላል።»

«አንቺ ካናዳ ስለ ገባሽ ተራራው ቦታውን የለቀቀ መሰለሽ?»

በሦስት ሳምንት እንደ ዳዊት በቃሏ ያዘችው።

ቅዳሜ ጠዋት ክፍሉ ፊት እጆቿን አጣምራ ቆመች። «በምሥራቅ የፎሬ ተራሮች፣ በምዕራብ የሊማኝ ሜዳ…» ዱሮል ወንዝ ላይ ስትደርስ መምህርቷ እጇን አነሣች።

«ይቅርታ ተሻለች፣ ቢላዋ የሚስሉት ሠራተኞች በዚያ ብርድ እንዴት ይሞቁ ነበር?»

መልሱን ታውቀዋለች፤ ችግሩ መልሱ ያለው ስድስተኛው አንቀጽ ላይ መሆኑ ነው። ወደዚያ የሚያደርስ አቋራጭ ደግሞ ጋሼ አላበጁላትም። በቃል የተያዘ ነገር ከተቋረጠ ከመነሻው ይጀመራል ተብላ ያደገች ናትና፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ «በምሥራቅ የፎሬ ተራሮች» አለች። ክፍሉ ሳቀ። እርሷ ግን ተራራውን ወጥታ፣ ሜዳውን አቋርጣ፣ ወንዙን ተሻግራ፣ «ሠራተኞቹ ከመሳያው ድንጋይ በላይ በሆዳቸው ተኝተው ይስሉ ነበር፤ ውሾቻቸውም እግራቸው ላይ ተኝተው ያሞቋቸው ነበር» እስከሚለው ደረሰች።

«አንቺስ ብትሆኚ ሥራውን ትሠሪው ነበር?» አለች መምህርቷ።

ይህን ጋሼ አላስጠኗትም። ተሻለች ጣሪያውን አየች፤ እዚያም አልተጻፈም።

«እኔ ሬክስዴል ባለው ፋብሪካ ካሮት የምቆርጠው በረዶ በመሰለ ክፍል ውስጥ፣ ስምንት ሰዓት ቆሜ ነው» አለች ቃላቱን እየመረጠች። «ተኝቶ መሥራት፣ ያውም ውሻ ተጨምሮበት፣ ለእኛ የሥራ ዕድገት ነው።»

መምህርቷ በሳቅ ብዛት መነጽሯን አወለቀች። «አልፈሻል፤ ተቀመጪ።»

ተሻለች አንገቷን ዝቅ አድርጋ እጅ ነሣች። መቀመጥ ግን አልተቀመጠችም።

«አመሰግናለሁ፤ ታሪኩ ገና ነው» አለችና ወደ መካከለኛው ዘመን ገባች።