ኮሮላውን ያደነቆረው

ትሕትና ደሟ የፈላው መኪናው ተገፍቶ ስለተመለሰ አይደለም። መኪና ይመለሳል፤ የጋራዥ ወግ ነው። እሷን ያንገበገባት፣ ጋሽ መዝገቡ ምንም ሳይመረምሩ፣ ቀጨኔ ቁልቁለቱ ላይ ካለው ጋራዣቸው ደጅ ቆመው፣ መንገደኛው ሁሉ እየሰማ "ነግሬሽ ነበር፤ የሴት እጅ ሞተር ላይ አያምርም" ማለታቸው ነው።

ሰባት ዓመት አብራቸው ሠርታለች። ትናንት የዋቅቶላን ኮሮላ ሴንሰር የቀየረችው እሷ ናት፤ ከእሷ በኋላ የካምቢዮውን ብሎኖች ያጠበቁት ደግሞ እሳቸው ናቸው። ዛሬ ጠዋት ዋቅቶላ ሁለት ልጆቹን ይዞ ከእንጦጦ ሲወርድ ሞተሩ ድንገት ጠፋ። መሪው ደነደነ፣ ፍሬኑ ከበደ፣ መኪናው ቦይ ተደግፎ ቆመ። ልጆቹ ደህና ናቸው። አባትየው ግን ዓይኑ ደም ለብሶ ነው የመጣው።

"ያንቺ ዕቃ ልጆቼን ሊፈጅብኝ ነበር" አላት።

"ከዛሬ ጀምሮ ሞተር አትነኪም" አሉ ጋሽ መዝገቡ። "ጎማ ትፈቻለሽ።"

ኧረ ተዉ እንጂ። ሰባት ዓመት ሞተር የፈታ እጅ ለጎማ? ትሕትና ጥርሷን ነከሰች። መኪናውን በክሪክ አንስታ፣ ድጋፍ አስገብታ፣ ካርቶን አንጥፋ ከስር ገባች። ሴንሰሩ ደህና ነው። ገመዱም ደህና ነው። ስልኳን አወጣች።

"ፌስቡክ ልታዪ ነው?" አሉ ጋሽ መዝገቡ።

"ኮምፓስ ነው" አለች። "ዋቅቶላ፣ አንተ ስማኝ፤ እሳቸው አይሰሙም። ይሄ ሴንሰር የሚያዳምጠው ማግኔት ነው። የሞተሩ ዘንግ ሲዞር ጥርሶቹ በፊቱ ያልፋሉ፤ ጥርስ ሲመጣ የማግኔቱ ጉልበት ይጨምራል፣ ሲያልፍ ይቀንሳል። ያንን እየቆጠረ ለኮምፒውተሩ ይነግራል። ካልቆጠረ እሳት የለም፣ ሞተሩ ይጠፋል። ኤቢኤስ ያለው ፍሬንም የጎማ ዙር የሚቆጥረው እንዲሁ ነው። ስልኬ ውስጥም ወንድሙ አለ፤ የምድርን ማግኔት እያዳመጠ ሰሜንን ያሳያል። ሰሜን እንጦጦ ነው አይደል?"

"ነው።"

"እዚህ ስር ግን ሰሜን ካምቢዮው ሆኗል።"

የሞተር ብረት ኮምፓስን ትንሽ እንደሚያወዛውዝ ታውቃለች፤ እንዲህ ግን አያሳብደውም። እጇን ሰደደች። ከሴንሰሩ ጎን ግራሶ የለበሰ፣ መዳፍ የሚያህል ክብ ነገር ጨበጠችና ታግላ አላቀቀችው። ከአሮጌ ስፒከር የወጣ ማግኔት ነው፤ ሁለት ብሎን ተጣብቆበታል።

ብሎን እንዳይጠፋቸው ማግኔት ላይ እየለጠፉ የሚሠሩት ጋሽ መዝገቡ ብቻ ናቸው። ትናንት ሞተሩ ላይ ለጥፈው ረሱት፤ መኪናው ሲንገጫገጭ ተንሸራትቶ ሴንሰሩ ጆሮ ስር ተጎለተ። ስፒከር ስር ተቀምጦ ሹክሹክታ የሚሰማ ማን አለ? ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ማለት ይሄ ነው።

"በቃ፣ ተገኘ" አሉ እጃቸውን ዘርግተው። "አምጪውና ወደ ሥራችን።"

አልሰጠቻቸውም። "የማን ነው?"

"ምን ያደርግልሻል?"

"ጋሽ መዝገቡ፣ ስሜን ያጠፉት በሰው ፊት ነው።"

ዋቅቶላም ወደ እሳቸው ዞረ። "እኔም ልስማው ጋሼ። ውስጥ የነበሩት ልጆቼ ናቸው።"

"እ... የኔ ነው። ረስቼው ነው" አሉ አቀርቅረው።

"አልተሰማም" አለች ትሕትና። "ቅድም ሲሰድቡኝ ድምፅዎ መድኃኔዓለም ይደርስ ነበር።"

ደገሙት። አሁን መንገደኛውም ሰማ። ከዚያ ቀና ብለው፣ "ይኸው፤ ደስ አለሽ?" አሏት።

ደስ አላላትም። ንዴቷ እንዲያውም ገና አሁን ባሰበት። ያለፈው ዓመት ሚኒባስ ትዝ አላት፤ የነርሷ ቪትዝ ትዝ አላት፤ "ትሕትና ነካክታው ነው" እየተባለ አንገቷን ደፍታ ይቅርታ የጠየቀችባቸው ሁሉ ትዝ አሏት።

"ጋሽ መዝገቡ" አለች፤ "እስከዛሬ በእኔ ካሳበቡት ውስጥ ስንቱ የእርስዎ ነበር?"