ከግራ የተነበበው ጀግና

ስርጉት ደክሟታል። የአንድ ቀን ድካም ቢሆን ተኝታ ትነሳ ነበር፤ ይሄ ግን ዓመታት የተጠራቀመበት፣ እንቅልፍ የማይነካው ዓይነት ነው። እሷ ከአገሯ ውጭ፣ በወደቧ ከተማ ሀራሙስ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ባለው የማዳም ኻሊዳ ቪላ እያደረች ስትሠራ፣ ደጀን ያሉት እናቷ አርጅተዋል። በስልክ «መቼ ነው ዓይንሽን የማየው?» ማለታቸውንም ትተዋል። ልሂድ ባለች ቁጥር ማዳም «ከዒድ በኋላ» ይላሉ። ዒድ ይመጣል፣ ዒድ ያልፋል፣ ስርጉት እዚያው ናት። ማዳም ክፉ ሆነው አይደለም። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ቤቱ ጭር ብሎባቸዋል፤ ድሬዳዋ ስላደጉም የልጅነት አማርኛቸውን የሚያወሩት ከሷ ጋር ብቻ ነው።

ሟቹ የወደብ ባለሥልጣን ነበሩ፤ ልባቸው ግን የልጅ። ቤሩት የታተሙ የድሮ የጀግና መጽሔቶችን፣ እነዚያን ታሪኩ በሥዕል የሚነገርባቸውን፣ እያንዳንዱን እትም በላስቲክ ጠቅልለው አንድ ክፍል ሞልተዋል። የሚበር ሰው፣ የብረት ሰው፣ ከጨረቃ ማዶ የሚዋጉ መርከቦች፣ የሌለ ጉድ የለም። የባሕሩ እርጥበት እንዳይበላቸው እያወጡ ማናፈስ የስርጉት ሥራ ነው። መጀመሪያ ለሷ ተጨማሪ አቧራ ነበሩ። ኋላ ግን ወደደቻቸው፤ የወረቀቱን ቢጫነት፣ ጠጋ ብለው ሲያዩት ነጠብጣብ የሚሆነውን ቀለም፣ የቆየ ሽታውን ሁሉ። አረብኛ ስለማታነብ በሥዕሉ ትከተላለች። አንዳንዱ አልገጣጠም ሲላት ራሷ ትገጣጥመዋለች።

ኻምሲን የሚሉት የእሳት ነፋስ በሚነፍስበት አንድ ከሰዓት መብራት ጠፋ። ማዳም «ይሄኛው ክፍል ይሻላል» ብለው መጡና ወንበር ስበው ተቀመጡ። ስርጉት መጽሔት እየወለወለች ነበር።

«ከነዚህ ውስጥ የምትወጂው አለ እንዴ?» አሏት።

እየተሽኮረመመች ቢጫ ካባ የለበሰውን ጀግና አወጣች።

«ይሄ ሰውዬ መጀመሪያ ላይ ኃይለኛ ነው። ከተማው ሁሉ ያጨበጭብለታል። እያደር ግን ይደክመዋል መሰለኝ፤ ጠላቶቹን ይተዋቸዋል፣ ካባውን ያወልቃል። እጁ ላይ ያለው ብርሃን ወደ አንድ ድንጋይ ይመለሳል፣ ድንጋዩም ወደ ሰማይ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ቤቱ ገብቶ ከእናቱ ጋር እራቱን ይበላል።» ድምጿ ቀጠነ። «እሷን ሥዕል ሳይ ደስ ይለኛል።»

ማዳም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «አንቺ ጉደኛ! ገልብጠሽ ነዋ ያነበብሽው! አረብኛ እኮ የሚጀምረው ከቀኝ ነው!»

ሽፋኑ ከኋላ መሆኑን ስርጉት ሁሌም ታየው ነበር፤ «የነሱ ነገር» ብላ አልፋው እንጂ።

«ታዲያ እራቱ መጀመሪያ ነው?»

«መጀመሪያ ነው። በልቶ ይወጣል፣ ድንጋዩ ከሰማይ ይወድቅበታል፣ ጀግና ይሆናል።»

«እናቱ ጋ መቼ ይመለሳል?»

ማዳም መነጽራቸውን አስተካክለው ገለጡ። የሚቀጥለውን እትም አነሱ፤ ከዚያም ሌላውን። ሳቃቸው ቀስ እያለ ጠፋ።

«አይመለስም» አሉ።

ስርጉት የመጀመሪያውን እትም አንስታ የእራቱን ሥዕል ገለጠች። ለምን ያህል ጊዜ ያቺን የእራት ሥዕል እያየች እንደተጽናናች አሰበችና በራሷ አዘነች፤ ተናደደችም።

«ማዳም፣ ልሂድ» አለች።

«ትሄጃለሽ፣ ከዒድ...»

«ከዒድ በፊት ነው።» አፋቸው ላይ ተናግራ አታውቅም ነበር።

ማዳም አልተቆጡም። ማዕድ አቅርባ ልጇን ወደምታየው ሴትዮ ሥዕል ጎንበስ ብለው ቆዩ።

«ባሌ ይሄን ታሪክ ስንቴ አውርቶልኛል! ስለ በረራው ነበር የሚያወራኝ። ይህችን ሴትዮ ግን እሱም አንስቷት አያውቅ፣ እኔም ልብ ብያት አላውቅ» አሉ። ከዚያ ቀና ሳይሉ፣ «ሂጂ። በዚሁ ሳምንት አውቶቡስ ያዢ» አሏት።

ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ግን የዓመታቱ ድካም አንድ ላይ መጣባት፤ በዚያ ቤት አድርጋው በማታውቀው ሁኔታ፣ እመቤቷ ፊት፣ ወለሉ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። ማዳምም ተነሺ አላሏትም።