ገና በሊሎፓ

አናጢ ክፉ አመል አለው። የሚወዛወዝ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ ምግቡ አይወርድለትም፤ መሳቢያ ሲንቋቋ ከሰማ ጨዋታው ይጠፋበታል። የእኛው አናጢ ደግሞ ይባስ! ሰው ቤት ተጋብዞ ሄዶ ከወንበር ሥር ተንበርክኮ ብሎን ሲያጠብቅ የተገኘ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት አገባና ጓዙን ጠቅልሎ ቤቷ ገባ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ጠላቱ ማን ሆነ መሰላችሁ? የቤቱ በር።

በሩ ከውጭ አልከፈት ይላል። ከታች ወለሉን ይነክሳል፣ ከላይ መቃኑ ውስጥ ይቀረቀራል። ሚስቱና ትንሿ ልጇ መጥተው ምን እንደሚያደርጉት እንጃ፣ ጓ! ብሎ ይከፈትላቸዋል። እሱ ግን ይገፋል፣ ይታገላል፣ በላብ ይጠመቃል፣ በመጨረሻ እንደ መብራት ቆጣሪ አንባቢ ቆሞ ያንኳኳል። ልጅቱ ከውስጥ ትከፍትለትና፣ "እንኳን ደህና መጡ" ትለዋለች። በአንቱታ ነው የምትለው። ጨዋ ልጅ ናት፣ ምን ይወጣላታል! ግን በገዛ ቤቱ ማታ ማታ እንኳን ደህና መጡ መባል አንጀቱን ያሳርረው ነበር። ከምንም በላይ የሚፈልገው ይቺ ልጅ እንድትለምደው ነበራ።

"በሩን ትለምደዋለህ" ትለዋለች ሚስቱ።

"የተበላሸ ነገር ይሠራል እንጂ ይለመዳል እንዴ?"

የገና ዋዜማ ጠዋት እናትና ልጅ ገበያ ወጡ። እሱም ይህችን ቀን ሲጠብቅ ነበር። በሩን ነቀለው። ዝገታም ማጠፊያዎቹን ፈትቶ ቁርጥራጭ ብረት የሚያጠራቅምበት ጣሳ ውስጥ ወረወራቸው፤ በምትካቸው የሚያብረቀርቁ አዲሶች ገጠመ። የታችኛውን ጠርዝ በመላጊያ ላገው፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸው፣ መልሶ ሰቀለው። ባንድ ጣቱ ነካ ቢያደርገው ወለል ብሎ ተከፈተ። ደስ አለው። ልጅቱ ስትመጣ ፊቷን ማየት ነው እንጂ ሌላ ስጦታ ምን ያደርጋል ብሎ ፍቅፋቂውን ጠርጎ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ከደጅ የሩጫ ኮቴ ተሰማ። ወዲያው በሩ ብርግድ አለና ልጅቱ እንደተወረወረ ጆንያ ገብታ ወለሉ ላይ በደረቷ ተዘረጋች።

"ውይ ልጄን! ተጎዳሽ?" ብሎ ሊያነሳት ሮጠ።

እሷ ግን ሕመሟን ከቁብም አልቆጠረችው። ብድግ አለችና በሩን ዘጋችው፣ ከፈተችው፣ እንደገና ዘጋችው። "ምን አደረጉት?" አለች።

"ሠራሁት! የገና ስጦታሽ ነው።"

"አሁን እኮ ማንም ሰው ይገባል" አለች። "በቃ። ዘንድሮ በሊሎፓ ገና የለም።" ይህን ብላ ክፍሏ ገብታ ዘጋች።

ሚስቱ ዘንቢሏን ይዛ ደረሰች። አዲሱን በር አየች፣ የተዘጋውን የልጇን ክፍል አየች፣ ዘንቢሉን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

"ሊሎፓ ማን ናት?" አላት።

"አገር ናት።"

"የት ያለች?"

"የቆምክባት" አለችና መሳቅም ማልቀስም አቅቷት ተቀመጠች። "አባቷ ሹፌር ነበር፤ መሪ ሲጨብጥ የሚያህለው የለም፣ መዶሻ ሲጨብጥ ግን የገዛ ጣቱን ነው የሚመታው። በሩን አሠራ እያልኩ ስጨቀጭቀው አንድ ቀን፣ 'ይሄ እኮ በር አይደለም፣ የሊሎፓ ድንበር ነው' አይለኝ መሰለህ? ላለመሥራት ሲል አገር መሠረተ እኮ! ልጅቱ ደግሞ ያዘችለት። ሕግ አወጡ፣ በዓል ደነገጉ።"

"በዓሉን እንዴት ያከብሩታል?"

"በገና ዋዜማ ጀምበር ስትጠልቅ ሁላችንም ወደ ውጭ እንወጣለን። ብርዱ አጥንት ቢሰብርም እንወጣለን። እያንዳንዳችን ሌላ ሰው ያላየውን አንድ ነገር ፈልገን እናያለን። ከዚያ ተራ በተራ በሩን ራሳችን ከፍተን እንገባለን፣ ያየነውን እናወራለን። ያንኳኳ ሰው አይመለስም፤ ይከፈትለታል፣ እንኳን ደህና መጡ ተብሎ ይስተናገዳል። ግን እንግዳ ነው። ምን አየህ ተብሎ አይጠየቅም። ራሱ ከፍቶ የገባ ነው የአገሩ ሰው። እሱን ደግሞ ማንም እንኳን ደህና መጣህ አይለውም።"

"ታዲያ ምን ይሉታል?"

"'ዘገየህ!' ነዋ። የቤት ሰው ሌላ ምን ይባላል?"

አናጢው በአዲሶቹ ማጠፊያዎች አፈረ። ኩል እኳላለሁ ብሎ ዓይን ማጥፋት ማለት ይኸው ነው። የሟቹን ሰውዬ አገር በመላጊያ ልጎ ጣለው እኮ! ከሐፍረቱ ጋር ግን ሌላ ነገር መጣበት፤ ማወቅ አማረው። በሥራ ዘመኑ ስንት በር ሲሰቅል አንዱም አገር ሆኖበት አያውቅም።

የልጅቱን ክፍል አንኳኳና በሩን ገርበብ አድርጎ ደፉ ላይ ቁጢጥ አለ። እሷ አልጋዋ ላይ ሆና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች።

"ይቅርታ አድርጊልኝ" አላት። "አላወቅኩም ነበር።"

ልጅቱ ብርድ ልብሷን እስከ ጆሮዋ ሳበች።

"ሌሎች አገሮችም አሉ እንዴ? ለምሳሌ ከአልጋው ሥር?"

"አሉ" አለች ለግድግዳው።

"እነሱም ገናን ያከብራሉ?"

"ያከብራሉ እንጂ! አረመኔ መሰሉዎት?"

"የገና ዛፍም ያቆማሉ?"

ልጅቱ ዞር አለች። እንዲህ ያለ ደደብ ጥያቄ ሰምቶ ማን ዝም ይላል? "ቁመቱ የት ይበቃቸዋል! ያጋድሙታል።"

"የቁም ሳጥኑስ ሰዎች?"

"እነሱ አንዱ የሌላውን ልብስ ይለብሳል። እስኪመሽ ድረስ የሰውዬውን ሥራ ይሠራል። አምና ዳኛው የጥርስ ሐኪም ሆኖ ጉድ ፈልቶ ነበር።"

"ጥርስ ነቀለ?"

"መንቀል መች ያውቅና! ዕድሜ ልክ ፈረደበት።"

አናጢው ሳያስበው ከት ብሎ ሳቀ። "መስኮቱ ላይስ ማን አለ?"

"የመስኮት ሰዎች ገና መቼ እንደሆነ አያውቁም። ብርዱ መስታወቱን ሲያላበው በጣታቸው ይጽፉበታል፣ እሱ ነው በዓላቸው። አንዳንድ ዓመት እየደጋገመ ይመጣባቸዋል፣ ድግሱ ያደክማቸዋል።" ከዚያ የበሩ ነገር ትዝ አላትና ፊቷ እንደገና ጠቆረ።

"ስሚኝማ" አለ አናጢው። "በሩን መልሼ ላበላሸው እችላለሁ።"

"እንደ ድሮው ያደርጉታል?"

"ልክ እንደ ድሮው። ግን የቱ ጋ እንደሚነክስ የምታውቂው አንቺ ነሽ።"

ሥራ ተጀመረ። አይ ሥራ! ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ ያጠበቀውን ሊያላላ፣ ያቃናውን ሊያጣምም ቆመ። ዝገታሞቹን ማጠፊያዎች ከጣሳው ፈልጎ አወጣ። የተላገው ጠርዝ ላይ ስስ ጣውላ በማጣበቂያ መለሰበት። ብሎኖቹን ሆን ብሎ አጣሞ ሲያስራቸው ጥርሱን የነቀሉት ያህል ፊቱ ይጨማደዳል። ልጅቱ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ታዛለች። "ይሄ ሰነፍ በር ነው፣ ቶሎ ይሸነፋል።" ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ "እንዴ፣ አሁንማ አበዙበት! ድሮ ከላይ እንዲህ አይጮህም ነበር።" መሞከር ስትፈልግ ታዞረዋለች።

"ፊትዎን ያዙሩ። አከፋፈቱ የአገር ምስጢር ነው።"

እሱም እንደታዘዘው ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ ይቆማል። ከኋላው ኩፍ፣ ጭር፣ ዷ ሲል ይሰማል፤ ጆሮው እስኪቆም ቢያዳምጥም አልገባውም። በመጨረሻ በሩ ጓ! ብሎ ሲከፈት ልጅቱ ወደ ደፉ ተጠጋች። እጇን ጠርዙ ላይ አድርጋ ቆመች። አናጢው ዞሮ ዓይኖቿን አየና ልኩ እንደ መጣ አወቀ።

ጀምበር ዘቅዘቅ ስትል ሦስቱም ወጡ። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ግቢው ውስጥ ተበታትነው ሰማዩን፣ አጥሩን፣ የጎረቤቱን ጭስ ሲመለከቱ ቆዩ። መጀመሪያ እናትየው ገባች። ቀጥላ ልጅቱ፣ "ይዩ እንግዲህ!" ብላው ገባች። በሩም ተዘጋ።

አናጢው ብቻውን ቀረ። እጀታውን ያዘ፣ ገፋ። ወይ ፍንክች! በትከሻው ሞከረ፣ በክርኑ ሞከረ። እያንዳንዱን ብሎን በገዛ እጁ ነው ያሰረው፤ በሩ ግን አላውቅህም አለው። አንዴ ቢያንኳኳ ተከፍቶለት እሳት ዳር ይቀመጣል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ "እንኳን ደህና መጡ" ይባላል። እጁን አነሳ። ከዚያ መልሶ ኪሱ ውስጥ ከተተው። አላንኳኳም አለ፤ እዚሁ በረዶ እሆናለሁ እንጂ አላንኳኳም!

ከውስጥ የምግብ ሽታ መጣ፤ የሳህን ድምፅ ግን አልተሰማም። ማንም አልጀመረም። ቆየት ብሎ ልክ ከበሩ ጀርባ አንዲት ቀጭን ድምፅ መጣች።

"ምን አዩ?"

አናጢው ክው አለ። እንግዳ ይህን አይጠየቅም። እሱ ደግሞ ከበሩ ጋር ሲታገል ማየቱን ረስቶታል። ምን ይበላት? አቀርቅሮ ሲያስብ ከበሩ ሥር፣ የለጠፈው ጣውላ አጥብቆ ባልደፈናት ስንጥቅ፣ ብርሃን ሲወጣ አየ።

"በበሩ ሥር ብርሃን ይታየኛል" አለ። "ብርሃኑ መሃል ሁለት ትናንሽ ጥላዎች አሉ። እግሮችሽ ናቸው። ውስጥ ያለ ሰው ይህን ሊያየው አይችልም፤ ቆመሽ ስትጠብቂኝ አየሁ።"

ጥላዎቹ ከቦታቸው አልተነቃነቁም። አጥፍቼ ይሆን እያለ የደነዘዙ ጣቶቹን እፍ እፍ አለባቸው።

"መንገር በሕግ ክልክል ነው" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ከውስጥ ማንኳኳት ግን አልተከለከለም።"

ከበሩ ታች፣ ከማጠፊያው ራቅ ብሎ፣ ዷ አለ። ቀጥሎ እጀታው ወደ ላይ ነቅነቅ አለ።

አናጢው እጀታውን ወደ ላይ ሽቅብ አነሳ። በጉልበቱ ድምፁ የመጣበትን ቦታ ገጨት አደረገና በትከሻው ገፋ። ኩፍ፣ ጭር፣ ዷ! በሩ ጓ ብሎ ተከፈተ፤ እሱም ቅድም ልጅቱ የወደቀችበት ወለል ላይ በደረቱ ተዘረጋ።

ሚስቱ አፏን በእጇ ያዘች። ልጅቱ ክንዷን አጣምራ ከላዩ ቆመች፣ ቅንድቧን ሰብሰብ አድርጋ ተመለከተችው።

"ዘገየህ!" አለችው።