አንዴ ብቻ የተጠየቀ በረዶ

አምሐ ለምህንድስና ትምህርት ሚኒሶታ ሲሄድ ጃንሆይ ገና ዙፋናቸው ላይ ነበሩ። የገና ዱላ ይዞ ያደገ ልጅ፣ ነጮች ሆኪ ብለው በረዶ ላይ በዱላ ሲጋፉ ቢያይ ልቡ እዚያው ቀረ። እግሩ በበረዶ መንሸራተቻው ጫማ ላይ ጸንቶ ባይቆምም ዓይኑ ጨዋታውን ያነብ ነበር፤ ምህንድስናውን ትቶ ማሠልጠን ያዘ። እንደ ፈረንጆቹ በ1986 ኦክላንድ ውስጥ ከአንዲት ትንሽ የፕሮፌሽናል ቡድን ጋር ስድስተኛ ዓመቱ ነው፤ ሁሌም ረዳት አሠልጣኝ። ሦስት ዋና አሠልጣኞች በላዩ ላይ ተሹመው አልፈዋል።

ሦስተኛው በመጋቢት ጥሎ ሲሄድ የቡድኑ ባለቤት ሃርፐር፣ "ቅዳሜን አሸንፍ፣ ወንበሩ ያንተ ነው" አለው።

ልጆቹ ፈጣኖች ናቸው። ፓክ የሚሏትን ጠፍጣፋ ጥቁር ጎማ በአጭር በአጭሩ እየተቀባበሉ እንዲገቡ ሳምንቱን ሙሉ አለማመዳቸው። ይህ የሚሆነው ግን በረዶው እንደ መስተዋት ሲጠነክር ብቻ ነው። ቅዳሜ ደግሞ ከተማዋን ያልተለመደ ሙቀት መታት።

ከሰዓት በኋላ የሜዳውን ማቀዝቀዣ የሚጠብቀውን ጥሩነህን ኮሪደር ላይ አገኘው። ጥሩነህ በሱዳን አድርጎ የመጣ ስደተኛ ነው፤ ሥራ ያስገባውም አምሐ ነበር።

"ጥሩነህ፣ በረዶው እንዴት ነው?"

"ደህና ነው ጋሽ አምሐ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ጎሽ!" አለና ወደ ልብስ መልበሻው ገሠገሠ።

ጨዋታው ተጀመረ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ፓኳ ጭቃ የያዛት ይመስል መሐል መንገድ ላይ ትቆም ጀመር። አንዱ ይልካል፣ ለሌላው አትደርስም። ከሳክራሜንቶ የመጡት ግዙፍ ተጋጣሚዎች እየገፈተሩ ሦስት አገቡ።

በእረፍቱ አምሐ ወደ ሞተሩ ክፍል ሲበር ጥሩነህን እስከ ክርኑ በቅባት ተነክሮ አገኘው።

"ምን ሆኖ ነው?"

"ኮምፕረሰሩ ነው ጋሼ። ከጠዋት ጀምሮ ያስላል። ለቴክኒሺያኑ ኮል ባደርግለት ማክሰኞ እመጣለሁ አለኝ።"

"ከጠዋት! ታዲያ ስጠይቅህ ደህና ነው አላልከኝም?"

"አልኩ። ሰው ገና አፉን ሲከፍት መርዶ ይነገረዋል እንዴ? 'በጣም ደህና ነው?' ይሉኛል፣ እኔም 'ደህና ነው፣ ብቻ...' እልዎታለሁ ብዬ ነው። እርስዎ በአንድ ጥያቄ ሄዱ!"

"ኮምፕረሰር እኮ ነው፣ ጥሩነህ! ለቅሶ ቤት አደረግከው?"

"ተከትዬዎት መጥቼ ነበር። ልጆቹን ሰብስበው ሲመክሩ ሳይ ታላቅ ሰው ማቋረጥ ነውር ሆኖብኝ ከበር ተመለስኩ።" ጥሩነህ መሬት መሬት እያየ ጨመረ፣ "ደግሞ፣ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባላል።"

"ጌታው እኔ መሰልኩህ? ጌታው ሃርፐር ነው፣ እሱን ንገረው!"

በሩን አላትሞ ወጣ። ከጥሩነህ ይልቅ ያበገነው የራሱ ነገር ነበር። እናቱ ቤት ሳለ ሦስቴ ሳይጠይቅ የማንንም "ደህና ነኝ" አምኖ አያውቅም። ሃያ ዓመት ከፈረንጅ ጋር ሲሮጥ ኖሮ፣ ያገሩን ልጅ እንደ ፈረንጅ ጠየቀው።

"መቀባበሉ ይቅር! ወደ ፊት ወርውሩና ተከትላችሁ ግፉ!" አላቸው ልጆቹን። ሁለት አገቡ። ሦስተኛዋ በረኛውን አልፋ፣ ከግቡ መስመር አንድ ክንድ ሲቀራት ውሃ ውስጥ ቆመች። ሰዓቱ አለቀ።

ሃርፐር ቢሮው አስጠራው። "በረዶው መሟሟቱን አላወቅክም?"

የጥሩነህ ስም ምላሱ ጫፍ ድረስ መጣ። ቢጠራው ሰውየው ሥራ እንደማይኖረው ያውቃል። ዋጠው።

"ጥፋቱ የኔ ነው። አንዴ ብቻ ነው የጠየቅኩት።"

"አንድ ነገር ስንቴ ነው የሚጠየቀው?"

አምሐ ሊያስረዳ ጀመረ። የመጀመሪያው መልስ መልስ አይደለም፣ ሊል ነበር፤ በእንግሊዝኛ ሲያስበው የእብድ ወሬ ሆነበት። 

ሃርፐርም አምሐ እንደማያዋጣው አይቶ ስልኩን አነሣ።

ሐሙስ ዕለት ከቦስተን አዲስ ዋና አሠልጣኝ ገባ፤ ዕድሜው ሠላሳ አይሞላም። አምሐ ተጫዋቾቹን አሰልፎ አንድ በአንድ በየስማቸው አስተዋወቀው።